የመሸበት እንግዳ

ቤቱ የባንቻምላክ፣ ላፕቶፑ የይርሳው፣
ወንበሯም የሰው ናት፣ አንድ እግሯ የሚያነክሰው።
የኔ የምለው ሀብት በዚህ ሰርቪስ ክፍል
ሌሊቱ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት ካለ፣ ካልሄደ በመሃል።

«አደራ» ብሎኛል ይርሳው ቻርጀሩን ሲሰጠኝ፣
«ዊንዶውሱን አትንኪ፤ የጤፍ፣ የማዳበሪያ፣
የሦስት ዓመት ሪፖርት፣ ሙሉ ወረዳ አለኝ።
ሌላውን እንደ ፍጥርጥርሽ።»
እኔን ደግሞ ሊኑክስ ልማር ልማር አለኝ፤
ግን በሰው አደራ፣ በሰው ግድግዳ ላይ
እንዴት በር ልክፈት?

ቤት ውስጥ ቤት ሠራሁ።
ከስምንቱ ጊጋ ራም ሁለቱን ቆርሼ፣
ከዲስኩም ከጥጉ ሃያ ጊጋ ያህል በገመድ ለክቼ፣
አጥር አጠርኩለት፣ ቁልፉን እኔው ይዤ፤
እንግዲህ ና አልኩት፣ ማብሪያውን ተጭኜ።

የኛ አገር እንግዳ መምጫው ይታወቃል፤
ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከአጥር በር ይቆማል፣
«የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ይላል፤
«ቤት ለእንግዳ» ይባላል።
ይኼኛው ግን ሌላ ነው።
በጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል እያዘነበ፣
በየመስመሩ ጫፍ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ»፣
እንደ አዲስ ምራት አንገቱን ደፍቶ ገባ።
በትሕትናው ስኮራ
ቀና ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔኑ፣ ባለቤቷን፦
«ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኩት። የይለፍ ቃሌንም።
አንድ ፊደል ብስት «አላውቅሽም» አለኝ፤
በሁለተኛው ገባሁ።
«የት ነህ?» ብለው ረጅም ፍኖት ጻፈልኝ፣
ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ስሜ ድረስ፤
ፍኖተ ሰላም ግን የለችበትም።
«ስንት ራም አለህ?» «ሁለት ጊጋ» አለኝ፣ ያለ አንዳች ሐፍረት፣
ከዚያ ወዲያ ዓለም የሌለ መስሎት።
ከግድግዳው ጀርባ ያን ሁሉ ማዳበሪያ ይርሳው እንደከመረበት
ማን ይንገረው?

ማራገቢያው ግን ያውቃል።
ሁለት ነፍስ ተሸክሞ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ያጓራል፤
ከትልቁ ቤት በኩል ድምፅ ይመጣል፦
«አንቺ ልጅ! በውድቅት ምን ትፈጫለሽ?»
«እንግዳ አለብኝ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!
የግቢው ሕግ አንድ ነው፦ የማታ እንግዳ የለም።
ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባትሪ ይዛ መጣች፣
ከአልጋዬ ሥር አበራች፣ ከበሩ ኋላ፤ የለም።
«የታለ?»
አሳየኋት፦ ጥቁሩን መስኮት፣
ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ነጭ ሰረዝ።
ቆማ አየችው፤ ረዥም ጊዜ።
«ምን ይበላል?»
«መብራት።»
«የኔን መብራት?» አለች። ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፦
«የሰው ቤት መሆኑን ያውቃል?»
«አያውቅም፤ የራሱ ይመስለዋል።»
«የታደለ» አለች። በሩን ልትዘጋ ስትል ግን ዞራ፦
«ሁለት ከሆናችሁ ኪራይ ይጨመራል።»

አንድ ማታ በስሕተት ያለውን ሁሉ አጠፋሁበት።
ደግነቱ ትናንትናውን አስቀምጬለት ነበር፤
ትናንት መለስኩት፣ ምንም እንዳልሆነ ሆነ።
በዚያው ሰሞን የሰበርኩት የባንቻምላክ ማሰሮ ግን
እስካሁን በሲሚንቶ እንደተጣበቀ ነው።

ሐሙስ ሌሊት ትራንስፎርመሩ ፈነዳ።
ባትሪው ሊሞት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው
እንግዳዬን ከነሐሳቡ፣ ከነጀመረው ቃል፣ ባለበት አቆየሁት።
ሦስት ቀን ከተማው ጨለመ።
ላህ ሞላ። የጎረቤት ላም ወለደች።
ይርሳው ወደ ሞጣ ተዛወረ፤
«ሰኞ ላፕቶፑን እወስዳለሁ» አለ።
እሑድ መብራት ሲመጣ ቀሰቀስኩት፤
ካቆመበት ፊደል ቀጠለ።
ሰዓቱን ባየው ሐሙስ ነው ይላል፤
ወንዙ አልሞላም፣ ጥጃዋ አልተወለደችም፣ ይርሳውም እዚሁ ነው።
ላርመው ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ፤
ተውኩት። እስከ ሰኞ ሐሙስ ይሁንለት።

ለካ ቤቱም፣ አጥሩም፣ እንግዳውም
ተጠቅልሎ አንድ ፋይል ነው።
ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤
መሐረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።
ጠዋት ይርሳው ላፕቶፑን አቅፎ ሲወጣ
ባንቻምላክ ከደጃፏ አየችው።
«እንግዳሽስ?»
«ሄደ» አልኳት።
«ሳይሰናበተኝ?»