ሰባተኛው ምዕራፍ

ለልጆች ነው ብዬ፣ ጀመርኩ ልብ ወለድ፣
የድሮዋ ናዝሬት፣ የለገሀር መንገድ፤
አርባ ዘጠኝ ዓመት። ከወንጂ ተጭኖ፣
ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ክብደቱ ልክ ሆኖ፣
ሱቅ ሲደርስ የሚገኝ፣ ሆዱ ተመናምኖ
የስኳር ጆንያ።

ሌባውን መርጫለሁ፣ ገና ሳልጽፈው፤
ጉተማ ነው፣ ባለጋሪው፣
ፈረሱን የሚመርቅ፣ ሰዉን የሚሰድበው።

መርማሪዋን ደግሞ፣ ሎሚ ብዬ ጠራኋት፤
የተላጠ ጉልበት፣ ሰፊ ኪስ ሰጠኋት።
ለመምህሯ ጥያቄ፣ ለዘበኛው ምላስ፣
ለእናቷ... ውሸት አይደለም፣ እውነትን መቀነስ።
«ቁጭ በይ» ስላት ትቆማለች፣
«ቁሚ» ስላት ሄዳለች፣
«አፍሽን ዝጊ» ሲሏት፣ አፍ ታስከፍታለች።

እስከ ስድስት ድረስ፣ እንደምንም ታዘዘችኝ።
ሰባት ላይ ከዳችኝ።

«ጋሪው ሥር» ብዬ ጻፍኩ፣ «ነጭ ዱቄት አየች።»
ጎንበስ አለች። በጣቷ ነካች። ቀመሰች።
«ይሄ ጨው ነው» አለች።
«ጉተማ ለፈረሱ፣ ከመዳፉ የሚያስልሰው።
ሌባ ቢሆን ኖሮማ፣ ስኳር አይሰጠውም ወይ?»

«ተይ ልጄ» አልኳት፣ «ማተሚያ ቤት ቸኩሏል፤
ጉተማን እሰሪው፣ ታሪኩ ተጠቅልሏል።»

በመስኮት ወጣች፤ እኔ ባልጻፍኩት መስኮት።

ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ዘበኛው ሲያንኮራፋ፣
መጋዘን ቁጭ አለች፣ ድንጋዩን ታቅፋ፤
ሃያ ኪሎ የሚለውን፣ የሚዛኑን ድንጋይ።
ገለበጠችው፣ ሆዱን ወደ ላይ።
ቀዳዳ። ቀዳዳው በሰም ተደፍኖ፣
ጥላሸት ተቀብቶ፣ ብረት መስሎ፣ ብረት ሆኖ።

ቅኔ ቤት ያልገባች ልጅ፣ በጥፍሯ ፋቀችው፤
ከሰሙ ሥር ያለውን፣ ስሙን አገኘችው።

የሚዛኑ ሹም። አቶ ወልደሰንበት።

እኔ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ።
ኮቱን ከነሰንሰለቱ፣ ሳቁን ከነጥርሱ፣
ደግ ሰው ያስፈልጋል ብዬ፣ ያስገባሁት እሱ፣
ሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ ተሰቅሏል ፎቶው።
አያቴ ነው።

ቤታችን የተሠራው፣ ጡቡ፣ ቆርቆሮው፣
በሠላሳ ብር ደሞዝ፤ ማንም ያልቆጠረው።
«ስኳር ቤት» ይለናል፣ ጎረቤት እስከ ዛሬ፤
ለጣፋጭነታችን ይመስለኝ ነበረ፣ እስከ ዛሬ።

«አንቺ ልጅ፣ እባክሽ፣ ስሙን ልቀይረው?
የሌላ ሰው አያት፣ ሌላ አገር ላድርገው?»
ሎሚ ዝም። ከኪሷ፣
የሰም ፍርፋሪ፣ ወረቀቴ ላይ አራገፈች።
«ጉተማ እስር ቤት ነው፤ ፈረሱ እህል አልቀመሰም» አለች።

አዳማ ተኝታለች። ባጃጁም ጸጥ ብሏል።
የድሮው ሐዲድ ላይ፣ ነፋስ አቧራ ይነዳል።
«ምዕራፍ ስምንት» ብዬ፣
እስክሪብቶዬን ላነሳ ሞከርኩ።
ሃያ ኪሎ ነው፤ ሙሉ።
ገለባበጥኩት።
ቀዳዳ የለውም።