ቬንትሌተሩ ሥር

አቦ፣ ስለ ጌም ካነሳህብኝ እንግዲህ ቁጭ በላ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ይወጣል ከጥላ?
ረምዚ ቤት ቬንትሌተር አለ፤ አንድ ክንፉ የተሰበረ፣
ነፋስ ከመስጠት ይልቅ ማንኮራፋት የጀመረ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ጣቴ እዚያ ነው የኖረው፤
አስተያየት አለኝ። ትክክል ነው አልልህም፤ ግን የራሴ ነው።

ኳሱን ሁሉም ይወደዋል፤ እኔን ግን ሰለቸኝ።
ድሮ፣ ተጫዋቾቹ ፊት ሳይኖራቸው፣ ያኔ ነበር የጣመኝ።
አሁን ላባቸው ይታያል፣ ፀጉራቸው ይበተናል፣
ጎል ሲያገቡ ካሜራው ተንበርክኮ ያያቸዋል።
ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በካልሲ ኳስ፣ ጂብሪል ያገባብኝ ጎል ግን
አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ያሳክከኛል፤
የስክሪኑ አምስት ለዜሮ ሻሂዬን ሳልጨርስ ይረሳኛል።

ጦርነቱን አልወድም። በቃ።
ሞተህ፣ በሦስት ሰከንድ፣ አቧራህን ሳታራግፍ ልትነቃ።
ልጆቹ «ግደለው! ግደለው!» ይላሉ ማዳመጫ አድርገው፤
የጂብሪል ወንድም ከውትድርና የመጣ ዕለት ረምዚ ድምፁን ዝቅ አደረገው።
ማንም አላዘዘውም።
ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አየና ሄደ፣ ማንጎ እየላጠ በጥርሱ፤
ስክሪኑ ላይ አንዱ ወድቆ ነበር፤ ተነሳ፣ አቤት አነሳሱ!

መኪናው? መኪናው ጥሩ ነው፤ መንገዱ ነው ውሸታም፤
ሳቢያን መታጠፊያ ላይ እንደሚተኛው ያለ ግመል የለበትም።
እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ በሦስት እግር የምኖር፣
ባጃጅ ያለው ጌም አላየሁም፤ ቢኖር ለጃፓን እጄን አልሰጥም ነበር።

ድብድቡን ለኢፍቱ ተወው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።
እኛ ለአንድ ምት ስድስት ቁልፍ በቃላችን አጥንተን፣
እሷ በመዳፏ እየደለቀች አራታችንን በተራ ጣለችን።
«እንዴት ነው?» ስንላት፣ «እኔንጃ» አለች፣ ማስቲካዋን እያፈነዳች፤
ከዚያ ቀን ጀምሮ «ችሎታ» የምትባል ቃል ከአፌ ጠፋች።

የእርሻም ጌም አለ፣ ስልክ ላይ፤ ዘሩን በጣት የምትበትን፣
ማሽላው በሁለት ደቂቃ የሚያፈራ፣ ዝናብ የሚሸጥልን።
ከጃርሶ የመጣው አጎቴ ስልኬን ተቀብሎ አየ አየና፣
«ተምቹስ? ዕዳውስ?» ብሎኝ መለሰልኝ እንደገና።

ከተማ መገንቢያው ግን… እሱን እወደዋለሁ፣
በሦስት ሌሊት ድሬን ሠራኋት፤ ባቡሯን አስነሳሁ፣
ከዚራን በዛፍ ከደንኩ፣ መጋላን በሱቅ አስጨነቅኩ፣
ደቻቱን ከመሃል አስተኛሁ፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ ሰፊ አደረግኩ።
ከታች ጥግ ላይ ቁልፎች አሉ፣ ለሰለቸው ሰው የተቀመጡ፣
እሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፤ ሲነኳቸው የሚመጡ።
ልጆቹ «ተጫነው!» አሉ። ረምዚ ሳንቲም መቁጠሩን አቆመ፤
የድሮ ቤቱ ከወንዙ ዳር ነበር የቆመ።
ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። «ሰው ተኝቶበታል» አልኩ፤ ሳቁብኝ፣ ይሳቁ፤
ያኔ አልተወለዱም፤ ሌሊት የሚመጣ ውሃ ድምፁን አያውቁ።

አንደኛው የቱ ነው ካልከኝ (አትሳቅ) እባቧ ናት፣ ቁልፍ ስልክ ላይ፣
የእናቴ ስልክ ላይ ነበረች፤ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አረንጓዴ መስታወት ላይ።
ጠላት የላት፣ ታሪክ የላት፤ ስትበላ ትረዝማለች፣
ረዝማ ረዝማ ረዝማ፣ የገዛ ጅራቷን ነክሳ ትሞታለች።
እናቴ ሪከርዷን በማንም አላስደፈረችም፤ ስልኩ ተበላሽቶ እንኳ አልጣለችውም፣
ኮመዲኖ ውስጥ ነው፤ ባትሪ አላገኘሁለትም…

ውይ! ሄደ። መብራቱ ሄደ።
ቬንትሌተሩ ሦስት ዙር በገዛ እጁ ዞሮ፣ ቆመ።
ረምዚ፣ ሁለት ጌም አለብኝ፤ ሁለተኛው ሳያልቅ ነው የጠፋው፣ ግማሽ በለው።
ምን?
እሺ፣ እሺ። ሙሉውን ጻፈው።