ሌሊት የነጋበት ደም

አፉላ። ከምድር ቤት፣ ከማሽኖቹ መሀል፣
የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ይላል፤
እናቴ ብታየው ሰባት ትል ነበር።
ሌሊት መሆኑን ግን ሁለቱም አይክዱም፤
ያልተስማማ ቢኖር
ይህ ብልቃጥ ደም ነው፣ ከጽኑ ሕሙማን አሁን የወረደ፣
ሙቀቱ በጓንት አልፎ መዳፌን የለመደ።
ነግቷል ይላል እሱ።

ወረቀቱ ላይ ያሮን፣ በቅንፍ ቸኮል፤
ዕድሜ ሃምሳ ስምንት፤ ቤት ሻን፣ የተምር ተክል።
እሾህ ነው የወጋው፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፤
እሾህን በእሾህ ብሎ፣ በመርፌ ጎርጉሮ፣ ቀጠለ ሲሠራ፤
ዓርብ በክንዱ ወጣ አንድ ቀይ መስመር።
ሰንበት እስኪወጣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ መኪና ሳይጠራ፣
እየተንቀጠቀጠ ዋለ።

ኮርቲዞል ገበሬ ነው በጤነኛ ገላ፤
ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይገባል ወደ ኋላ።
ዛሬ መግባት ረስቷል።
ከኩላሊቶቹ ራስ፣ ቆብ መስለው የተደፉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች
ይጮኻሉ ያለ ዕረፍት፦ ተነሥ! እሳት ነው! ጠላት ነው!
ስኳሩ ከጉበት ይወጣል፣ ልቡ ይጋልባል፤
ሰውየው ግን ተኝቶ በቱቦ ይተነፍሳል።
ገላው ብቻውን ይሸሻል፣
አንሶላው እንኳ ሳይጨማደድ።

አባቴ፣ ወኔ ልብ ውስጥ ነው ይል ነበር።
አይደለም አባዬ፣ ከኩላሊት በላይ ነው፤
ይኸው በብልቃጥ ሲሰፈር።
ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድ ነው፣ ትል ነበር ደግሞ፤
እኔ የማየው ቁጥር ነው፣ መስኮቱ ላይ ቆሞ፦
ሰባ አንድ።
ለዚህ ሰዓት አምስት በበቃው።

ለዶክተር ራውዳ ደወልኩ።
"ትንሽ ቢሆን፣ እጅ ሰጥቷል እል ነበር" አለች፤
"እንዲህ ሲበዛ ደግሞ…" ብላ ተወች።

ስልኩን ነርሷ ላሪሳ ተቀበለች። ሌላ ነገር አለ?
አለ። በጆሮው ንገሪልኝ፣ በእናቱ ቋንቋ፤
እኔ ልበል፣ አንቺ ተከተይ።
በሩስኛ ምላሷ እየቆራረሰች፣
ከመተንፈሻው ማሽን ድምፅ ጋር እየተሻማች፦
"ገና። አል። ነጋም።
ቸኮል፣ አት። ቸኩል።"

እንደገና አልኳት፣ እንደገና አለች።
ሦስተኛውን ግን እኔ አልነገርኳትም።