የኔዴልካ እሁድ

ከዳኑብ ወንዝ ወዲህ፣ ከቡልጋሪያ ጫፍ፣
አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣ ከሱፍ እርሻው አፋፍ፣
አንድ ትምህርት ቤት አለ ድምፅ የሌለበት፤
ልጆቹ ከሄዱ አሥራ አንድ ዓመት።
ቁልፉ የሚዞረው መንግሥት ሲፈርስ፣
«ድምፅ ስጡ» ተብሎ አዋጅ ሲመለስ።
በአራት ዓመት ሰባቴ፤
የበሩ ማጠፊያ እንኳ ታክቶታል።

ኔዴልካ ማለት በአገሯ ቋንቋ እሁድ ማለት ነው፤
ምርጫም ሁሌ እሁድ ነው። ጌንቾ ይቀልዳል፦
«ባንቺ ስም ስንቴ ነው ይህ ሕዝብ የሚታለል?»
ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠረች ለልጅ፣
ዛሬ ድምፅ ልትቆጥር ቆማለች ከደጅ።

መዝገቡን ገለጠች፦ የሞቱት አልሞቱም፣
ማድሪድ የገቡቱ ከቤት አልወጡም፤
ስሙ ሁለት መቶ ስልሳ ነው ቢቆጠር፣
ጭስ ከሠላሳ ቤት አይበልጥም ከሰፈር።

ጌንቾ ሊመርጥ አይደለም፣ ሊሞቅ ነው የመጣው፦
«የመንግሥት እንጨት ነው የሚነደው አይደል?
እስካሁን የሞቀኝ ይህ ብቻ ነው ከቃል።»

አንዱ ጎረምሳ ገባ፣ ምልክቱን አኖረ፣
በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወደ ውጭ በረረ፤
ከመቃብሩ አጥር ሥር መኪና ቆሟል፣
ፎቶውን ላሳየ ሃምሳ ሌቫ ያድላል።
ኔዴልካ አይታለች። እንዳላየች አልሆነችም፤
ስልክ ደወለች፤ ከወዲያ ያነሳ የለም።

ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው
መታወቂያዋን አወጣች፣ በራሷ ስም አንጻር ፈረመች፣
ከመጋረጃው ኋላ ገባች።
እስክሪብቶው በክር ታስሯል።
ሃያ ስምንት ፓርቲ።
መጀመሪያ ያመነችው፣ ቀጥሎ ያመነችው፣
ከዚያ ወዲያ ደግሞ «ቢያንስ አይሰርቅም» ያለችው፣
ሁሉም ተሰልፈዋል እንደ ሰነፍ ደብተር፤
ቀይ ቀለም አማራት።
ቀይ ቀለም አልነበረም።
ወረቀቱን አጠፈች፣ እንደ ታጠበ መሐረብ፣ አራት እጥፍ።

ማታ፣ ቆጠራ። ከኮሮጆው አሥራ ዘጠኝ ወጣ።
አንዱ ላይ በእርሳስ «ድልድዩስ?» ተብሏል።
አንዱ ምንም የለበትም፤ ነጭ ነው፣ አራት እጥፍ።
የማን ነው ያለ የለም።
ጌንቾ ምድጃው ውስጥ አንድ ፍልጥ ጨመረ።
እሷም በዚያ በሚያምር፣ ሰሌዳ ባሳደገው እጅ ጽሑፏ
ከቅጹ ግርጌ ጻፈች፦
«ዋጋ አልባ ድምፅ፦ ሁለት።»

ደመረች። ደግማ ደመረች። ልክ ነው። ፈረመች።
ቁልፉን ለከንቲባው ልትመልስ ከኪሷ አወጣችና
መልሳ ከተተችው።
በረዶው ሳይቀልጥ መፈለጉ አይቀርም።