ዐርባ ሁለት ወንበር

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ፣ መሐል ሜዳ፣ ጉሙ
ሳይገለጥ ገና፣ ወንበሮች ደጅ ቆሙ።
ዐርባ ሁለት ወንበር፣ ጎማ ያለው እግሩ፤
እኛ ዐሥራ ስምንት ነን፣ ይኸው ነው ቁጥሩ።
«ማን ሊቀመጥበት?» ብል፣ አቶ ኅብስቱ
«ነገ ሠላሳ ነው» አሉኝ፣ «መዝጊያ ዕለቱ፤
ያልበላነው ገንዘብ ይመለሳል ማታ፤
የከርሞም ይቀንሳል ካሳየን እርካታ።»

ደብረ ብርሃን ደግሞ ሥልጠና ነበረ፣
«ወጪን ስለ መቆጠብ» — አበሉ አማረ።
የሦስት ቀን አበል እኔም ፈረምኩበት፤
ይኸው ጥቁር ጫማ የተገዛበት።

የዋሻው ውኃ ድልድይ በጀቱ ጸደቀ፤
ጻድቅ ሆነና መሰል፣ ከምድር ራቀ።
ሦስት ክረምት አለፈ ብረቱ ሳይመጣ፤
ውኃው ግን በወቅቱ፣ ከዳሩ እየወጣ።

ሐምሌ ገባ። ሰልፉ ባጥር ተጠማዘዘ፣
ካፖርት፣ በርኖስ፣ ጃንጥላ፣ እንደተያያዘ።
የባና ነጋዴ፣ አያ ልሳነወርቅ፣
ሁለት ሺህ መቶ ብር ፈቱ ካንድ ጨርቅ፤
በግ በግ ይሸታል፤ አንዷ መቶ ተቀድዳ
ታሽጋለች በፕላስተር፣ እንደ ቁስለኛ እንግዳ።
«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ ደረሰኙን ይዘው፣
«ይቺ ብር ከዚህ ወጥታ መንገዷ ወዴት ነው?»

የተማርኩት ነውና በጣቴ ቆጠርኩት፦
ካዝና፣ ባንክ፣ ዞን፣ ክልል፣ ሁሉን ዘረዘርኩት፤
ጥቅል በጀት ሆኖ መልሶ ሲወርድ፣
ለመምህር ደመወዝ፣ ለዕዳም ለወለድ፣
ለክትባት ማቀዝቀዣ…
«ለጥይትም» አልኩኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
አንገቴን ደፍቼ፣ ወረቀት ፈልጌ።
«እሱን ሰምተናል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩ፤
ደረሰኙን አጥፈው ከኪሳቸው አኖሩ።

ከኋላቸው ደግሞ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣
«ግብር የለብኝም፤ በምን ልናገርሽ?
ስለ ድልድዩ ነበር፤ ይኸው ስምንት ወሬ፤
ጤና ጣቢያው ማዶ፣ ውኃው ሞልቷል ዛሬ።»
«ትናንት ምን ገዛሽ?» አልኳት። «ሳሙና፣ ባትሪ፣
የስልክ ካርድም…» «ቆዪ! በየአንዳንዱ ቁጠሪ፤
ዐሥራ አምስት ከመቶ ተቆርጧል ከእጅሽ፤
ደረሰኝ አጣሽ እንጂ፣ ከፍለሻል ከነልጅሽ።»
ሳቀች። ሳቋን መልሳ ዋጠችውና ቶሎ፣
«እና ድልድዬስ?» የሚል ዐይኗ ላይ ተተክሎ።

ግብር የሚሉት ቃል ሁለት ነው ትርጉሙ፦
አንዱ ለከፈሉ፣ አንዱ ለታደሙ።
ለታዳሚው ወንበር ዐርባ ሁለት ሞልቷል፤
የከፈለው ሕዝብ ግን ዝናብ ላይ ቆሟል።

ሐምሌ መጨረሻ ደመወዝ ወሰድኩኝ፤
ያችን ቁስለኛ መቶ በጣቴ አወቅሁኝ።
ዞን ደርሳ ነው? ክልል? አራት ኪሎ ውላ?
ወይስ ከባንኩ ጥግ ሰንብታ ተጠቅልላ?
ብርዱ ጠናብኝና ገበያ ወረድኩኝ፤
ካያ ልሳነወርቅ ባና ተከራከርኩኝ።
ዋጋው ጨምሯል አሉኝ። «ለምን?» ብል፣ ሳቅ አሉ፤
«የዚያን ቀኑ ግብር ውስጡ አለ በሙሉ።»
መቶዋን ሰጠኋቸው። ፕላስተሩን አዩአት፤
አገላበጡና፣ ዝም ብለው ቆጠሯት።

ነሐሴ፣ እኩለ ሌሊት፣ በሩ ተንኳኳና
«ጌጤነሽ ምጥ ያዛት! ቃሬዛ የለምና…»
መጋዘኑን ከፈትኩ፤ ፕላስቲክ ቀድጄ
አንድ ወንበር አወጣሁ፣ ባናዬንም ወስጄ።
አራት ሰው ተሸክሟት ወደ ውኃው ገቡ፤
ከላይዋ ላይ ባናው፣ ከባናው ዝናቡ፤
አምስቱ ጎማዎች፣ ለአዳራሽ የታጩ፣
በባዶ ይዞሩ ነበር፣ ውኃ እየተራጩ።
ጎሕ ሲቀድ ከማዶ ቀጭን ልቅሶ መጣ፤
ሌላ ግብር ከፋይ ወደ ዓለም ሲወጣ።

መስከረም። ቆጠራ። «ዐርባ አንድ ወንበር አለ፤
ጉድለቱ ይብራራ» የሚል ደብዳቤ ዋለ።
በተሰጠኝ መስመር፣ በምክንያት ዓምድ ላይ፣
ጻፍኩ፦ «አንዱ ሆኗል የዋሻው ውኃ ድልድይ።»