ከስም ኋላ ባዶ ቦታ

ታሊን ወደብ፣ የካቲት ነው። ባሕሩ ቆዳው ነጭ ሆኗል።
ቪርቬ ብቻዋን ታመሻለች፤ ከመስኮቷ ማዶ መርከብ ቆሟል።
«ኦትስ የሚባለው እንዳይሳፈር» የሚል ወረቀት ደርሷታል፤
ሂላር ኦትስ፦ አምና ማዕበል ሲንጠው ሦስት ወንበር ሰብሯል፣
አልከፈለም።

ሦስት ፊደል ጻፈች። ኦ። ት። ስ።
«ይህ ያለበትን አስቁም» ብላ፣ ካፖርቷን አንሥታ ሄደች።
ሁለት ምልክት ነበር የቀራት፣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፤
«እዚህ ይጀመር፣ እዚህ ይብቃ» የሚል፣ ከአጥር የሚከብድ።
ኦትስ በቋንቋቸው ጫፍ ማለት ነው።
ጫፍ የሌለው ጫፍ ጻፈች።

በማግስቱ ማታ ሰልፉ ረጋ፤ ማሽኑ ቀይ፣ ደግሞ ቀይ፣ አሁንም ቀይ።
ኖታ የያዙ ዘማሪ ሴቶች፣ ዓሣ የጫነው ኡሎ፣ ሕፃን ያቀፈች አክስት፣
ስዊድን ተሻጋሪ ሁሉ ታገደ። ስዊድን በእነሱ አፍ ሮትሲ ናት፤
ሆዷ ቢፈተሽ ኦትስ አለባት።
በእኛ ፊደል ቢሆን ኦ ከሮ ጉያ ገብታ፣ ስ ደግሞ ሲ ሆና ታመልጥ ነበር፤
የእነሱ ፊደል ግን ብቻውን አዳሪ ነው፣ መሸሸጊያ የለው፣ ተደርድሮ ሲኖር።
መርከቡን ከወደብ የሚያወጣው መሪ እንኳ፣ ማዕረጉ ሎትስ ነውና፣ ደጅ ቀረ።
«ፈልግ» የሚለው ቁልፍ ኦትሲ ይባላል፤
ራሱን ፈልጎ ራሱን ያዘ።

ልብ ልብስ ውስጥ አለ፤
ልብሱን ያወለቀ ሁሉ ግን ልቡን አወለቀ አይባልም።
ይህን ለማሽን ማን ይንገረው? ካየ አየ ነው፣ አይምርም።

ቪርቬ እየሮጠች ደረሰች፣ የጓንቷን ጣት ነክሳ በአፍ፤
ሁለቱን ምልክት ተከለች፣ አንዱን ከራስጌ፣ አንዱን ከጫፍ።
«ሙሉው ስም ልክ ኦትስ ከሆነ ብቻ፤ ሳይጎድል፣ ሳይተርፍ።»
አረንጓዴ።
ሰልፉ ተነፈሰ። የሻንጣ ጎማ በረዶውን እየፈጨ ገባ።

ከሁሉም ኋላ አንድ ሰው፣ የሱፍ ቆብ፣ ትንባሆ የሚሸት።
ቲኬቱን ቤቱ ሲሞላ፣ ስሙን ከጻፈ በኋላ፣ አውራ ጣቱ ስቶት
ሰፊውን ቁልፍ ነክቶ ነበር፦ አንድ ባዶ፣ ምንም ያልሰፈረበት።
ኦትስና ባዶ፣ ኦትስ አይደለም።
አረንጓዴ በራለት።

ቪርቬ ሻይዋን ስትጠጣ መርከቡ በረዶውን እየቀደደ ወጣ።
ከላይኛው ፎቅ ሂላር ኦትስ፣
ከስሙ ኋላ የማይታይ ወለል ይዞ፣
ወንበር ሳበ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ በእጁ ነቀነቀ፤
ቀስ ብሎ ተቀመጠ።