ከኋላ የተቀመጠችው

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»፤
ይህን ማንም አልነገራት፤ አይተረትም በዚያ አገር።

ተንደር ቤይ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከእህል ጎተራው ማዶ፣
ጋራዡን ሞልቶታል የአባቷ አካፋና በረዶ።
አይላ ኮስኪነን፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
የቀለም ባልዲ ደፍታ ከፊቷ፣
በሁለት የእንጨት ማንኪያ መታች፤
እናቷ «ልጅቷን ምን ነካት?» አለች።
አባቷ ግን፣ በባቡር ላይ፣ የሐዲድ መጋጠሚያ ሲቆጥር የኖረው፣
ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና «ተያት» አለ፤ «ልክ ነው።»

በሃያ ዓመቷ ባንድ ገባች፤ ሦስት ወንድና እሷ፤
ድራሙም የእሷ፣ የቫኗ ዕዳም በራሷ።
በየመጠጥ ቤቱ፣ ድምፅ አስተካካዩ ሽቦ እየጎተተ ይጠይቃል፦
«የማንኛቸው ፍቅረኛ ነሽ?» ይስቃል።
መልስ አልሰጠችም። የብረት እግሮቹን ዘረጋች፣
አንዱን ብሎን በጥርሷ ይዛ ሌላውን አጠበቀች፣
ከዚያ መታች።
ሰውየው ለሲጋራ ወጥቶ ነበር፤ አልሰማትም።

ዋዋ አጠገብ፣ በጥር፣ ቫኗ ድርቅ ብላ ስትቆም፣
አራት ሰው በአንድ ብርድ ልብስ፤ ጊታሩም መሀል ገባ እንዲሞቅም።
ድራሙ ከኋላ ተጎታቹ ላይ አደረ፤
ለድራም ማን ደርቦለት ያውቃል?

አራተኛው ሸክላ ሲደርስ ዘፋኙ ዴርክ ቶሮንቶ ገባ፣
ምት የሚቆጥር ማሽን ገዛ፤ ደሞዝ የማይል፣ የማያነባ።
በስልክ ነው የነገራት፤ ከጀርባው ማሽኑ ይሰማ ነበር፣
ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ተክ፣ ፀጉር ታህል ሳይደናገር።
«አይተነፍስም እኮ» አለችው።
«ምኑ?» አለ።
ዘጋችው።

የግራ አንጓዋ አበጠ፤ ሐኪሙ «ስድስት ወር እረፊ» አላት፤
በቀኟ ብቻ መታች፤ ስድስቱ ወር ዓመት ሆነባት።
ቀን የሆስፒታሉ እጥበት ቤት፣ አንሶላ ሲዞር ትቆጥራለች፣
ማታ ከየትም የመጣ ባንድ ሲጠራት ትሄዳለች።
ዘጠኝ የሰው ሸክላ ላይ መትታለች፤ ስሟ ሁለቱ ላይ ተጽፏል፤
አንዱ ላይ ተሳስቷል።
አንድ ቀን፣ አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣
ያን ተረት እኔ ነገርኳት። ሳቀች፤ «ያንተ ሰዎች
ሳይዙት ነው የተረቱት» አለች።

ባለፈው ኅዳር ግን፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከበረደው አተር ፊት፣
ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ የገዛ እጇን ሰማች።
የሃያ ስድስት ዓመት እጅ፤ ያላበጠ፣ ችኩል።
«እውነትህን ነው» አለችኝ ኋላ፣ «የሰው እጅ ሆኖ ያምራል።»
ሦስተኛው አዝማች ላይ፣ ያኔ፣ መምቻው አምልጧት ነበር፤
ግማሽ ምት ጎድሏል፤ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።
ጋሪዋን ይዛ ጠበቀች። አተሩ እጇ ላይ መቅለጥ ጀመረ።
መጣች፤
ያችው ጉድለት፣ እዚያው ቦታዋ፣ እንደ ሐዲድ መጋጠሚያ።
«ልክ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፤
ወተት አነሳችና ወጣች።